ቤቱን አሳንሶ ዕዳውን የከፈለው ደራሲ፤ የሰር ዋልተር ስኮት ሕይወት

የወር መጨረሻ ሲቃረብ በየቤታችን የሚሰማውን ንግግር የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። ደመወዙ ገና እጅ ሳይገባ ለባለሱቁ የዱቤ፣ ለጎረቤት የብድር፣ ለዕቁብ የዕጣ እየተባለ በሐሳብ ያልቃል። እኛም ተማሪዎች ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም። አንድ ጊዜ ለበዓል ልብስና ጫማ ብለን ከጓደኞቻችን የተበደርነውን ገንዘብ እስክንከፍል ድረስ ሁለት ወር ሙሉ እነሱን እየሸሸን መንገድ ስንለውጥ ቆይተናል። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ ኀፍረቱ ግን ብዙ ነበር። ስለዚህም ነው ዛሬ ከዕዳ ጋር ፊት ለፊት ስለ ተጋጠመ አንድ ታላቅ ሰው ለመጻፍ የተነሣነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ስኮት በነሐሴ ወር 1771 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በያዘው በሽታ ቀኝ እግሩ ስለ ሰለለ ዕድሜውን ሙሉ ያነክስ ነበር። ለጤናው ሲባል ወደ አያቶቹ የገጠር ቤት ተላከና በዚያ የጥንት ጦረኞችን ታሪክና ግጥም እየሰማ አደገ። ካደገም በኋላ እንደ አባቱ ሕግ ተማረ። በ1797 ሻርሎት የተባለች ትውልዷ ከፈረንሳይ የሆነ ሴት አግብቶ አራት ልጆች አሳደገ። በ1799 የሴልከርክ አውራጃ ዳኛ ሆነ፤ በኋላም በኤዲንብራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጸሐፊነት ሹመት አገኘ። ከሁለቱ ሥራዎች በዓመት 1,600 ፓውንድ ያህል ይከፈለው ነበር። ይህ በዚያ ዘመን አንድን ቤተሰብ በክብር የሚያኖር ገንዘብ ነው። አንባቢያችን ይህን ቁጥር ያስታውስልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስኮት መጀመሪያ የታወቀው በግጥም ነበር። በ1814 ግን ስሙን ሳይገልጽ ዌቨርሊ የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ አሳተመ። መጽሐፉ እጅግ ስለ ተወደደ በየዓመቱ ሌሎች ተከተሉት፤ ከእነዚህም አንዱ ብዙዎቻችን በስም የምናውቀው አይቫንሆ ነው። በ1820 የባሮኔትነት ማዕረግ ተሰጠውና ሰር ዋልተር ተባለ። በዚያን ጊዜ በጽሑፍ ብቻ እርሱን ያህል ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ባለዕዳ ሊሆን ቻለ? ብልሽቱ የመጣው ከሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያው ከቤቱ ነው። በ1811 በትዊድ ወንዝ ዳር አንድ አነስተኛ የእርሻ ቦታ ገዛና አቦትስፎርድ ብሎ ሰየመው። ትንሹን ቤት አፍርሶ በምትኩ ቤተ መንግሥት የሚመስል ግንብ አሠራ። አጠገቡ ያለው መሬት ለሽያጭ በቀረበ ቁጥር ይገዛል፤ ዛፍ ያስተክላል፤ የጥንት ጦርና ጋሻ ይሰበስባል። እንግዳ ከቤቱ አይጠፋም ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚሆነውን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ያገኘው ገና ባልጻፋቸው መጻሕፍት ላይ አስቀድሞ በመቀበል ነበር። እኛ ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም እንላለን፤ ስኮት ግን እንደ ጎረቤቶቹ መኳንንት ለመኖር ፈለገ።

ሁለተኛው ብልሽት ከንግዱ ነው። ስኮት የባለንታይን ማተሚያ ቤት ሸሪክ ነበር፤ ይህንንም ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ማተሚያ ቤቱና ኮንስታብል የተባለው አሳታሚ አንዱ ለሌላው የክፍያ ሰነድ እየፈረሙ፣ ሰነዱን ለባንክ እየሰጡ ገንዘብ ያወጡ ነበር። የሰነዱ ቀን ሲደርስ በሌላ ሰነድ ይተካል። እንዲህ ሲሆን ዕዳ ይታደሳል እንጂ አይከፈልም። በ1825 መጨረሻ በለንደን ገበያ ድንጋጤ ገባና ባንኮች ገንዘባቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ከኮንስታብል ጋር የሚሠራው የለንደን ነጋዴ ወደቀ፤ ኮንስታብል ተከተለ፤ ባለንታይንም ወደቀ። በጥር ወር 1826 የ54 ዓመቱ ስኮት 120,000 ፓውንድ የሚያህል ዕዳ በራሱ ላይ እንዳለ አወቀ። ከዓመት ደመወዙ ጋር ሲተያይ የሰባ አምስት ዓመት ደመወዝ ማለት ነው።

ሕጉ አንድ መውጫ ነበረው፤ ኪሣራውን አስታውቆ ያለውን ንብረት አስረክቦ በነጻ መሄድ ይችል ነበር። ያን ቢያደርግ ግን ገንዘባቸውን ያመኑት ሰዎች አብዛኛውን ያጡ ነበር። ወዳጆችም እንርዳህ አሉት። ከእነዚህ ሁሉ ልባችንን የነካው ለሴት ልጆቹ በገና ያስተምር የነበረው መምህር ነው። ይህ ሰው ምናልባት የዕድሜ ልኩ ቁጠባ የሆነውን አምስት ወይም ስድስት መቶ ፓውንድ እንካ አለው። ስኮት አመስግኖ የማንንም አልወሰደም። ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ንብረቱን በባላደራዎች እጅ አደረገ፤ ከእንግዲህም ብዕሩ የሚያስገኘው ሁሉ ለእነርሱ እንዲሆን ፈረመ። አቦትስፎርድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለታላቅ ልጁ በጋብቻው ጊዜ የተላለፈ ስለ ሆነ፣ በዚያ እንዲኖርና በደመወዙ ቤቱን እንዲያስተዳድር ባለገንዘቦቹ ፈቀዱለት።

እንግዲህ የታሪካችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ስኮት ሁለት ከረጢት ለየ። ደመወዙ ለቤት፤ ጽሑፉ ለዕዳ። አንዱ ከሌላው እንዳይቀላቀል ደግሞ ቤቱን ማሳነስ ግድ ሆነበት። ሲቀንስም ከሻማና ከስኳር አልጀመረም፤ ከትልቁ ጀመረ። በኤዲንብራ ካስል መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረበትና ልጆቹን ያሳደገበት ቤት ለሽያጭ ቀረበ። በመጋቢት 1826 ከዚያ ቤት ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ለፍርድ ቤት ሥራ ወደ ከተማ ሲመጣ የሚያድረው በኪራይ ክፍል ነበር። መሬት መግዛትና ግንብ መሥራት ቀረ፤ ግብዣም ቀረ። አሽከሮች ተቀነሱ። ዋናው አሳላፊ ግን ደመወዜ ቢያንስም አልሄድም ብሎ ቀረና የብዙ ሰው ሥራ ብቻውን ይሠራ ጀመር። ለሃያ አምስት ዓመት በክብር ሰረገላ ሲነዳ የኖረውም ሽማግሌ ሞፈር ጨብጦ አራሽ ሆነ፤ ሰረገላው የሚወጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ኀዘን አልሆነም። በዚያው ዓመት በግንቦት ሚስቱ ሻርሎት ታማ ሳለች፣ የደመወዙ ሥራ ግድ ስላለው ጥሏት ወደ ኤዲንብራ ሄደ። ዕረፍቷን የሰማው በዚያ በኪራይ ክፍል ሆኖ ነው። ቀብሮ ተመለሰና እንደገና ብዕሩን አነሣ። ዉድስቶክ የተባለው መጽሐፉ ከ8,000 ፓውንድ በላይ አስገኘ፤ በ1827 የወጣው ዘጠኝ ቅጽ ያለው የናፖሊዮን ታሪክ ደግሞ 18,000 ያህል። በሁለት ዓመት ውስጥ 40,000 ፓውንድ የሚጠጋ ለባለገንዘቦቹ ደረሰ። በ1829 መጻሕፍቱ ሁሉ ከማስታወሻ ጋር በርካሽ ዋጋ እንደገና መታተም ሲጀምሩ ገቢው ጨመረ። በ1830 መጨረሻ ዕዳው ወደ 54,000 ወርዶ ነበር። ባለገንዘቦቹም ተሰብስበው በሕግ የእነርሱ የነበሩትን መጻሕፍቱንና የቤት ዕቃውን በስጦታ መለሱለት። ከእርሱ ገንዘብ የሚፈልጉ ሰዎች ስጦታ መስጠታቸው የሰውዬውን ቃል እንዴት እንዳመኑት ያሳያል።

ሰውነቱ ግን አልቻለም። በዚያው በ1830 በአንጎሉ ደም መታው፤ ከዚያም ተደጋገመበት። በ1831 ለጤናው ወደ ማልታና ወደ ጣሊያን ሄደ። አእምሮው ስለ ደከመ ዕዳዬ ሁሉ ተከፍሏል ብሎ ያምን ነበር፤ አጠገቡ የነበሩትም ይህን ደስታ አልነሡትም። ወደ አቦትስፎርድ ተመልሶ መስከረም 21 ቀን 1832 በ61 ዓመቱ ዐረፈ፤ በድራይበርግ ገዳም ከሚስቱ አጠገብ ተቀበረ። ከሞተ በኋላ የሕይወት መድን 22,000 ፓውንድ ተከፈለ፤ በባላደራዎቹ እጅ 2,000 ነበር፤ አሳታሚው ካደል በመጻሕፍቱ መብት ዋስትና 30,000 አበደረ። በ1833 ባለገንዘቦቹ ተከፍለው ተሰናበቱ፤ በ1847 ደግሞ የቀረው ሁሉ ተዘጋ።

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች ስኮት የከፈለው በብዕሩ ነው እንጂ ቤቱን በማሳነሱ አይደለም ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በቁጠባ ብቻ 120,000 ፓውንድ አይከፈልም። ነገር ግን ይህን እናስተውል፤ ከ1826 በፊትም ያው ብዕር በእጁ ነበር፤ ገንዘቡም በብዛት ይገባ ነበር፤ ሆኖም ቤቱ ይበላው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የቤቱ ልክ ነው። ቤቱ በደመወዙ ባይወሰን ኖሮ ናፖሊዮንም ሆነ ዉድስቶክ እንደ ቀድሞዎቹ ወደ ግንብና ወደ መሬት በሄዱ ነበር። ገቢ ሲጨምር ዕዳ ይጠፋል ብለን የምንጠብቅ ሁላችን ይህን ልናስብበት ይገባል።

ሰውዬውን ያለ ነቀፌታ አናስቀርም። ሸሪክነቱን መደበቁ፣ ነገ በሚጻፍ መጽሐፍ ዛሬ መብላቱ ስሕተት ነበር። ሌሊትና ቀን መድከሙም ዕድሜውን ሳያሳጥረው አልቀረም። ከእርሱ የምንማረው ቀድሞ ባልደረሰ ኖሮ የሚያሰኘውን ነው፤ ይኸውም ዕዳን በዕዳ አለመተካት፣ ሳይደብቁ ማስታወቅ፣ ሲቀንሱም ከትልቁ መጀመር፣ ለቤት የሚሆነውንና ለዕዳ የሚሆነውን መለየት ነው።

እኛም ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን በየመኝታ ክፍላችን አንድ ደብተር ከፍተናል። በአንድ ገጽ ያለብንን፣ በሌላው ገጽ ልንተው የምንችለውን ጽፈናል። ትልቁ ወጪያችን ሰው ምን ይለኛል በሚል ፍርሃት የምናወጣው ሆኖ አገኘነው። እናንተስ፣ ውድ አንባብያን፣ ደብተሩን ብትከፍቱ በመጀመሪያው መስመር ምን ይጻፍ ይሆን?