እንባ የተባለችው ሕፃን፤ የዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ ሕይወት

ሕፃን በተወለደበት ቤት ሌሊቱ ከቀኑ ይረዝማል። እናት ሦስት ጊዜ፥ አራት ጊዜ ትነሣለች፤ አባት ግን ነገ ሥራ አለብኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሳል። በዚህ ላይ ንዳድ ከቤተ ሰቡ አንዱን ቢጥለው የዚያ ቤት ክርስትና የሚፈተነው በእሑድ ጉባኤ ሳይሆን በዚያ ሌሊት ነው። ይህን ታስብ ዘንድ የአንድ ሰው ሕይወት እንነግርሃለን። ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ በ1810 በጀርመን አገር፥ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ፥ በዴሬንዲንገን ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በባዝል ተምሮ በእንግሊዝ የወንጌል ማኅበር ተልኮ ወደ አገራችን መጣ። በትግራይ እንዳይቀመጥ በተከለከለ ጊዜ በ1839 ወደ ሸዋ ወረደ፤ በአንኮበርም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት። በዚያ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ኦሮምኛ ተማረ፤ የግእዝ መጻሕፍትንም ሰበሰበ። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ሲሄድ በወሎ ያለውን ሁሉ ተዘረፈ፤ በብዙ መከራም ምፅዋ ደረሰ። በዚያው ዓመት ከባዝል የመጣችውን ሮዚኔ ዲትሪክን በግብፅ አገር በእስክንድርያ አገባ።

ሁለቱም ወደ ሸዋ ሊመለሱ አሰቡ፤ በሩ ግን ተዘግቶ አገኙት። ስለዚህ በ1843 ከምፅዋ ተነሥተው ወደ ትግራይ ይወጡ ዘንድ በሾሆ ሰዎች በረሃ ጉዞ ጀመሩ። ሮዚኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። በመንገድ ላይ ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፤ ሴት ልጅም ወለደች። አዋላጅ አልነበረም፤ ቤትም አልነበረም። ሕፃኒቱ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። አባቷ እንባ የሚል ስም አውጥቶላት በመንገድ ዳር ቀበራት፤ እናቲቱም በቂ ዕረፍት ሳታገኝ እንደ ገና መጓዝ ግድ ሆነባት። ይህ ሁሉ ድካም ተደክሞም የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ እንዲገቡ አልፈቀዱም፤ እነርሱም ወደ ባሕር ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ሄደው በ1844 ሞምባሳ ገቡ። በጁላይ ወር ሮዚኔ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ንዳድ ባልንም ሚስትንም ጣላቸው። አንባቢ ሆይ፥ ያን ቤት በልብህ ተመልከት፤ ሕፃን ታለቅሳለች፤ እናት በትኩሳት ትቃጠላለች፤ ሊያነሣት የሚገባው አባትም ከአልጋው መነሣት ተስኖታል። ጁላይ 13 ቀን ሮዚኔ ሞተች። ሕፃኒቱም ከጥቂት ቀን በኋላ እናቷን ተከተለች። ሮዚኔ በለመነችው መሠረት በሞምባሳ ፊት ለፊት ባለው ምድር ተቀበረች፤ መቃብሯም እስከ ዛሬ ይታያል።

ክራፕፍ ድኖ ሥራውን ቀጠለ። በ1846 ከባልንጀራው ከዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ የወንጌል ጣቢያ አቆመ፤ የስዋሂሊን ቋንቋ ሰዋስው ጻፈ፤ በ1849 የኬንያን ተራራ ከሩቅ አየ። በእርጅናውም አቡ ሩሚ የተረጐመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለኅትመት አረመ። በ1881 በጀርመን አገር በኮርንታል ሞተ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩ ትጋቱን ብቻ ያመሰግናሉ። እኛም እናመሰግነዋለን፤ ነገር ግን በትናንሾቹ መቃብሮች ፊት ዝም ብለን አናልፍም። ለመውለድ የቀረበች ሴት በበረሃ መሄዷ ዋጋው ከባድ ነበረ። በክራፕፍ ላይ አንፈርድም፤ ሮዚኔም የጥሪው ተካፋይ ነበረችና። ነገር ግን አንተ ይህን ታሪክ ሚስትህን ለመተው ምክንያት አታድርገው። አገልግሎት አለብኝ፥ ፈተና ደርሶብኛል፥ ገበያ ይጠብቀኛል ብሎ አራስን ብቻዋን የሚተው ሰው ክራፕፍን አልመሰለም። ክራፕፍ ያልተነሣው ጉልበት ስላልነበረው ነው፤ አንተ ግን ጉልበት እያለህ ትተኛለህን?

ደግሞ ሕመምን የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብለህ በታመመው ላይ አትፍረድ። በክራፕፍ ዘመን ሰው ንዳድ ከክፉ አየር ይመጣል ይል ነበር። የንዳድ ተውሳክ በደም ውስጥ የታየው በ1880፥ እርሱ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው፤ ትንኝ እንደምታስተላልፈውም የተረጋገጠው በ1897 ነው። ክራፕፍ ይህን ሳያውቅ ሞተ፤ አንተ ግን ታውቃለህ። አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በቆላ ያለች ከተማ ናት፤ ከጨንቻ ደጋ የወረደ ሰውም የቆላን ንዳድ ፈጥኖ ያገኘዋል። ትንኟ ይልቁን በሌሊት ትነክሳለችና፥ መድኃኒት የተነከረ አጎበር በቤትህ አንድ ብቻ ቢኖር ነፍሰ ጡሯ፥ አራሷና ሕፃኑ ከሥሩ ይተኙ። አጎበሩን ለእህል መሸፈኛ ያደረገ ሰው ልጁን ሳይሸፍን ቀርቷል።

ሕፃን በሌሊት መንቃቱ ክፋት ወይም ጥጋብ አይደለም። ሆዱ ትንሽ ነውና በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ጡት ይሻል፤ ሌሊትን ከቀንም ገና አይለይም። ስለዚህ አትቈጣው፤ አትነቅንቀውም፤ አንገቱና አንጎሉ ለስላሳ ናቸውና። ነገር ግን ሰውነቱ ቢተኵስ፥ ወይም ጡት እንቢ ቢል፥ ወይም ትንፋሹ ቢፈጥን፥ ወይም ቢንቀጠቀጥ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው። እናቲቱም ከወለደች በኋላ ብርድ ብርድ ቢላትና ብትተኵስ እንዲሁ አድርግ። ጸሎትህን በመንገድ ላይ ልትጸልየው ትችላለህ።

ከዶርዜ ወጥተህ በአዲስ አበባ የምትሸምን አባት ብትሆን፥ ሚስትህ የምትወልድበትን ወር አስቀድመህ ቍጠርና ለዚያ ጊዜ ወደ ቤትህ ተመለስ። ጋቢው ቢዘገይ ገዢው ይታገሣል፤ የአራስ ሌሊት ግን አይታገሥም። ጎረቤት ብትሆንም አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ገንፎ በልተህ፥ አመስግነህ ብቻ አትመለስ። ውኃ ቅዳ፤ እንጨት ፍለጥ፤ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ቤትህ ወስደህ አሳድር። አንቺም እኅቴ፥ ሕፃኑን ታቀፊና እናቱ ሁለት ሰዓት ትተኛ። በሞምባሳ በዚያ ሳምንት ከሁሉ ይልቅ ያስፈለገው የሚነሣ ጤነኛ ሰው ነበረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ሕፃኑ ሲያለቅስ አስቀድመህ ተነሣ። መብራቱን አብራ፤ ልጁን ለእናቱ አቀብላት፤ ጠብቶ ሲጨርስም ተቀብለህ አስተኛው። ይህን ሰው አያየውም፤ በጉባኤም አይነገርም። ሌሊቱን ሁሉ የሚተጋው ጌታ ግን ያያል።