የካሉጋው መምህርና የሮኬት ሕግ
የኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ ሕይወት ከሳይንስና ከኅብረተሰብ አንጻር

የሳይንስን ታሪክ በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል። አንደኛው፣ ገዥ መደቦች ለረጅም ዘመን ሲገለገሉበት የኖሩት፣ ግኝትን ሁሉ ከሰፊው ሕዝብ ኑሮ ነጥሎ የጥቂት ልዩ ፍጡራን ስጦታ አድርጎ የሚያቀርበው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሐሳብ የተወለደበትን ኅብረተሰብ፣ የታፈነበትን ወይም ያደገበትን ሥርዓት፣ ከሐሳብነት ወደ ተግባር ያሸጋገሩትን እጆች ሁሉ አብሮ የሚመረምረው ነው። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። ጥያቄያችን አንድ ሰው ምን ያህል ብልህ ነበር የሚል ሳይሆን ብልህነቱ ስለምን በአንዱ ዘመን ሰሚ አጥቶ በሌላው ዘመን ፍሬ አፈራ የሚል ነውና። ለዚህ ጥያቄ ከኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ ሕይወት የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በዛር ዘመን

ጽዮልኮቭስኪ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1857 በራያዛን ክፍለ ሀገር በኢዤቭስኮዬ መንደር ተወለደ። አባቱ በመንግሥት ደን ሥራ ተቀጥሮ ብዙ ልጆችን በአነስተኛ ደመወዝ የሚያሳድግ ሰው ነበር። በሩሲያ ገበሬውን ከባለ መሬቱ ጋር እንደ ዕቃ አስሮት የኖረው የገባርነት ሕግ የተሻረው ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በ1861 ነው። ሕጉ ይሻር እንጂ ድህነቱና ድንቁርናው አልተሻሩም።

ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ብርቱ የትኩሳት በሽታ ያዘውና ጆሮው መስማት ተሳነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። የዘመኑ ትምህርት ቤት መምህሩ የሚናገረውን ለመስማት ለማይችል ተማሪ የሚሆን ቦታ አልነበረውምና ከትምህርት ገበታ ተለየ። ከዚያ በኋላ መምህሩ መጽሐፍ ብቻ ሆነ። በ1873 አባቱ ወደ ሞስኮ ሰደደው፤ በዚያም ሦስት ዓመት ያህል ጥቁር ዳቦና ውሃ እየተመገበ፣ ከቤት የሚላክለትን ጥቂት ገንዘብ ለመጻሕፍትና ለሙከራ ዕቃዎች እያዋለ ኖረ። ከጧት እስከ ማታ የሚውልበት የቼርትኮቭ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ክፍት የነበረና ያለ ክፍያ የሚነበብበት ነበር። በዚያ ይሠራ የነበረው ፈላስፋው ኒኮላይ ፊዮዶሮቭ ወጣቱን ረድቶታል። ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና የከዋክብትን ሳይንስ በግሉ የተማረው በዚህ አኳኋን ነው። ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲያስተውሉት እንወዳለን። ያንን ወጣት ያተረፈው የአንድ ባለጸጋ ችሮታ ሳይሆን ለማንም ሰው በሩን የከፈተ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

በ1879 የመምህርነት ፈተና አልፎ በተከታዩ ዓመት በቦሮቭስክ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በ1892 ወደ ካሉጋ ተዛወረ። ከሳይንስ ማዕከሎች መራቁ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለው አንድ ድርጊት ያሳያል። በ1881 ስለ ጋዞች እንቅስቃሴ የደረሰበትን ንድፈ ሐሳብ ለሩሲያ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማኅበር ላከ። ከዝነኛው ኬሚስት ከሜንዴሌዬቭ የመጣው መልስ ግን ጉዳዩ ከ25 ዓመት ገደማ በፊት ተደርሶበት ያለቀ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። አንድ መጽሔት በወቅቱ ቢደርሰው ኖሮ የማይባክን ስንት የድካም ወር በከንቱ ባከነ! የኋላ ቀርነት ብክነት በገንዘብ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዳሩ ግን አላቆመም። በ1897 በካሉጋ ቤቱ ውስጥ የነፋስን ግፊት በልዩ ልዩ ቅርጾች ላይ የሚለካበት መሣሪያ በገዛ እጁ ሠራ፤ በሩሲያ ከተሠሩት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ከጊዜ በኋላ የሳይንስ አካዳሚው ለዚህ ሥራ 470 ሩብል ሰጠው። ከዚያ በቀር ለምርምሩ ከመንግሥት ያገኘው ድጋፍ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከሁሉ የላቀው ሥራው የጠፈርን ክልል በምላሽ ኃይል በሚሠሩ መሣሪያዎች ስለ መመርመር የጻፈው ጥናት ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል በ1903 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት የመጽሔቱ አዘጋጅ ሞተ፤ መጽሔቱም ተቋረጠ። ተከታዩ ክፍል እስከ 1911 መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ1902 ልጁን በሞት ተነጠቀ፤ በ1908 የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤቱን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ወረቀቶቹ ጠፉ። በ1911 ሴት ልጁ ሊዩቦቭ በአብዮታዊ ተግባር ተጠርጥራ ታሰረች።

የዛር ሥርዓት ለሐሳብ የነበረውን ጥላቻ በይበልጥ የሚያጋልጠው የኒኮላይ ኪባልቺች ዕጣ ነው። ይህ ወጣት አብዮተኛ በ1881 በንጉሠ ነገሥቱ ግድያ ተከሶ ስቅላቱን በሚጠባበቅበት እስር ቤት ሰውን ተሸክሞ በባሩድ ግፊት የሚበር መሣሪያ ንድፍ አዘጋጀ። ባለሥልጣኖቹ ሰውየውን ሰቀሉ፤ ንድፉን ደግሞ በመዝገብ ቤት ቀበሩት። ሕዝብ ሊያነበው የቻለው ከአብዮቱ በኋላ በ1918 ነው።

የቀመሩ ፍሬ ነገር

ጠመንጃ የተኮሰ ሰው ጥይቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሰደፉ ትከሻውን ወደ ኋላ እንደሚገፋው ያውቃል። ሮኬትም የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ሕግ ነው። የተቃጠለው ጋዝ በኃይል ወደ ኋላ ሲወጣ አካሉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ለዚህም የሚደገፍበት አየር አያስፈልገውም። ስለሆነም አየር በሌለበት ጠፈር ሊሠራ የሚችል መሣሪያ ነው። ይህ ጠቅላላ እውነት ቀድሞም የታወቀ ነበር። ጽዮልኮቭስኪ የጨመረው ልኬቱን ነው።

በ1897 አስልቶ በ1903 ያሳተመው ቀመር የሮኬት የመጨረሻ ፍጥነት በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን ያስረዳል። እነዚህም ጋዙ የሚወጣበት ፍጥነትና ሮኬቱ በነዳጅ ተሞልቶ ሲነሳ ያለው ክብደት ነዳጁ ሲያልቅ ከሚቀረው ክብደት ጋር ያለው ንጽጽር ናቸው። ችግሩ ፍጥነቱ በመደመር ሲያድግ ክብደቱ በመባዛት ማደጉ ነው። ጋዙ በሴኮንድ 3 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል። ሮኬቱ ራሱ 3 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ የመነሻ ክብደቱ ከባዶው 2.7 እጥፍ መሆን አለበት። 6 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ 7.4 እጥፍ፣ 9 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ደግሞ 20 እጥፍ ገደማ ያስፈልገዋል። ምድርን ለመዞር በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈለጋል፤ ስበትና አየር የሚቀንሱት ሲታሰብ ደግሞ ከ9 በላይ መዘጋጀት አለበት። እንግዲህ ከ20 ቶን ውስጥ 19ኙ ነዳጅ ነው ማለት ነው። በቀሪው አንድ ቶን ሞተሩም፣ ጋኑም፣ ሰውም ይካተታሉ።

ለዚህ ጥብቅ ሕግ ሁለት መፍትሔ አቀረበ። አንደኛው ባሩድን ትቶ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክስጅንን በማቃጠል የጋዙን ፍጥነት ማሳደግ ነው። ሁለተኛው፣ በ1929 በሰፊው ያብራራው፣ ሮኬቶችን እንደ ባቡር ፉርጎ ቀጣጥሎ ነዳጁ ያለቀውን ክፍል በየተራ እየጣሉ መጓዝ ነው። ሁለቱም ዛሬ በተግባር ላይ ናቸው። በጁላይ 1969 አሜሪካውያኑን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ሮኬት ባለ ሦስት ደረጃ ሲሆን ሁለቱ የላይኞቹ ደረጃዎች ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያቃጥሉ ነበሩ። ከ2,900 ቶን ገደማ መነሻ ክብደት ወደ ምድር የተመለሰው 5 ቶን ያህል ብቻ ነው። ቀመሩ ለማንም መንግሥት አያዳላም።

ከአብዮቱ በኋላ

የጥቅምት አብዮት ሲፈነዳ ጽዮልኮቭስኪ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ነበር። በ1918 የሶሻሊስት አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። የታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ የሚዘሉትን ሐቅ እኛ አንዘልም። በ1919 በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት የጸጥታው መሥሪያ ቤት በሐሰት ጥርጣሬ ወደ ሞስኮ ወስዶ ለአጭር ጊዜ አስሮታል፤ ጥፋት ስላልተገኘበትም ተለቋል። በ1921፣ አገሪቱ በረሀብ በምትሰቃይበት ወቅት፣ በሌኒን የሚመራው የሕዝብ ኮሚሳሮች ምክር ቤት የዕድሜ ልክ ጡረታ ወሰነለት። ቁራሽ ዳቦ እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት ጊዜ የተሰጠ ውሳኔ በመሆኑ ክብደቱ ከፍ ያለ ነው።

በ1923 በጀርመን የሄርማን ኦበርት መጽሐፍ ወጣ፤ በ1926 በአሜሪካ ሮበርት ጎዳርድ የመጀመሪያውን የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት አስወነጨፈ። ሦስቱም ተራርቀው ወደ አንድ መደምደሚያ መድረሳቸው ግኝት የዘመን ፍላጎት መሆኑን ያረጋግጣል። ልዩነቱ የታየው በተከታዮች ብዛት ነው። በ1923 ቫለንቲን ግሉሽኮ የተባለ የኦዴሳ ተማሪ፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለካሉጋው ሽማግሌ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሽማግሌውም መለሰለት። በ1931 የምላሽ እንቅስቃሴ ጥናት ቡድን በሞስኮ ተቋቋመ። ፍሪድሪክ ጻንደር፣ ሰርጌይ ኮሮልዮቭና ጓደኞቻቸው በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ፣ ይሠሩ ነበር። ኦገስት 17 ቀን 1933 ያስወነጨፉት ሮኬት 400 ሜትር ያህል ከፍ አለ። ጽዮልኮቭስኪ በ1932 የሥራ ቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻን ተሸለመ፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1935 በካሉጋ ሲሞት የሥራውን ውርስ ለፓርቲውና ለሶቪየት መንግሥት ተናዞ ነበር።

ስሕተት አልነበረውም ለማለት አይደለም። በፍልስፍናው እያንዳንዱ የቁስ አካል ቅንጣት ስሜት አለው ብሎ ያምን ነበር፤ የሰውን ዘር መርጦ ስለ ማሻሻል የጻፈውም ሊወገዝ የሚገባው ነው። የሰማይን መንገድ በትክክል ያሰላ ሰው በምድር ላሉ ሰዎች እኩልነት ያቀረበው ስሌት የተሳሳተ ነበር። ጀግናን ከነጉድለቱ ማየት የማይደፍር ንቃተ ኅሊና ገና አልበሰለም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ከሞቱ በኋላ የደረሰው ነው። በ1934 ካሉጋ ድረስ ሄዶ የጎበኘው የሮኬት ምርምር ተቋሙ ኃላፊ ኢቫን ክሌይምዮኖቭና ከሽማግሌው ጋር ይጻጻፍ የነበረው መሐንዲሱ ጌኦርጊ ላንገማክ በጃንዋሪ 1938 በስታሊን ዘመን ጭፍጨፋ ተረሸኑ። በዚያው ዓመት ግሉሽኮና ኮሮልዮቭ ታሰሩ፤ ኮሮልዮቭ ወደ ኮሊማ የወርቅ ማዕድን ተጋዘ። ሁለቱም እስከ 1944 ነፃ አልወጡም። መምህሩን በጡረታ ያከበረው መንግሥት ደቀ መዛሙርቱን በጥይትና በእስራት ቀጣ። ይህንን ሸፍኖ ስለ ሶሻሊዝም ክብር መጻፍ ሶሻሊዝምን ራሱን መበደል ነው።

በሌላው ወገን፣ ያው የሮኬት ሕግ በናዚ ጀርመን እጅ ቪ-2 የተባለውን የጥፋት መሣሪያ ወለደ። መሣሪያው በሚሠራበት የዶራ ማጎሪያ ካምፕ ከ60,000 ገደማ እስረኞች ወደ 20,000 የሚሆኑት አልቀዋል። ሳይንስ በማን እጅ፣ ለማን ጥቅም የሚለው ጥያቄ የፕሮፓጋንዳ ጌጥ ሳይሆን የሕይወትና የሞት ጥያቄ መሆኑን የእነዚያ ሙታን ቁጥር ይመሰክራል።

ትምህርቱ

ጽዮልኮቭስኪ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ከዋለ በ17ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ስፑትኒክ ምድርን መዞር ጀመረች። ያነሳት ሮኬት የኮሮልዮቭ ንድፍ፣ ሞተሮቹም ያ የኦዴሳ ተማሪ የነበረው የግሉሽኮ ሥራ ነበሩ። ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞረ፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ካሉጋ ሄዶ በመምህሩ ስም ለሚሠራው ሙዚየም የመሠረት ድንጋይ አኖረ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈርሳለች፤ ከዚያ ሮኬት የተወለደው የሶዩዝ ሮኬት ግን ዛሬም ይተኮሳል። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ስትነሳም ያነሳት ኃይል ለካሉጋው መምህር ቀመር የተገዛ ነበር።

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ተሰጥዖ በድሃው ቤትም ይወለዳል፤ የሚጎድለው የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት፣ በወቅቱ የሚደርስ መጽሔት፣ ለደብዳቤው መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ንድፈ ሐሳብ ያለ ድርጅት ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ጽዮልኮቭስኪ አንድም ሮኬት ወደ ጠፈር አላስወነጨፈም፤ ያስወነጨፉት በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ናቸው። ሦስተኛ፣ ሳይንስን የሚንከባከብ ሥርዓት ሳይንቲስቱን ከፍርሃት ነፃ ካላወጣው በአንድ እጁ የተከለውን በሌላው ይነቅላል። መስማት የተሳነው ልጅ ከጥቁር ዳቦው ቆጥሮ መጽሐፍ የገዛው ለራሱ ብቻ አልነበረም። እኛም በየገጠሩ ትምህርት ቤት የኋላ ወንበር ላይ መምህሩን ሳይሰማ የተቀመጠውን ልጅ ሳንደርስለት ስለ ጠፈር ብንናገር፣ ንግግራችን ነዳጅ እንደሌለው ሮኬት ከመሬት አይነሳም።