የነገሥታት እናት እቴጌ እሌኒ

እናትነት በማኅፀን ብቻ አይገኝም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናታችን መባሏ በጥምቀት ወልዳ በቃለ እግዚአብሔር ስላሳደገችን ነው። በአገራችንም ታሪክ የሥጋ ልጅ ሳይኖራቸው ለብዙ ነገሥታት እናት ሆነው ያረጁ አንዲት ታላቅ ሴት ነበሩ፤ እርሳቸውም እቴጌ እሌኒ ናቸው። ታሪካቸውን በአጭሩ ለአንባብያን ማቅረባችን ስማቸውን ለማወደስ ብቻ ሳይሆን፥ ምክራቸው ሲሰማ ምን እንደ ተገኘ፥ ሲናቅም ምን እንደ ታጣ ለማስተዋል ነው።

እቴጌ እሌኒ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበሩ። ሐድያ በዚያን ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ የምትገብር፥ ሕዝቧም ገዥዋም የእስልምናን ሃይማኖት የሚከተሉ አገር ነበረች። ልዕልቲቱ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም በነበረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ወደ ቤተ መንግሥት መጥተው በክርስትና ጸንተው ንግሥት ሆኑ። የተጠሩበትም ስም የታላቁ ቈስጠንጢኖስ እናት፥ መስቀሉን ከተቀበረበት ያስወጣችው የቅድስት እሌኒ ስም ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲያርፉ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ነገሡ። የእኚህ ንጉሥ ወላጅ እናት ጽዮን ሞገሳ ልጃቸውን ለማንገሥ በስውር መክረዋል ተብለው ተከሰው፥ በደረሰባቸው ግርፋት ሞተው ነበር። ወጣቱ ንጉሥ በዚህ ኀዘን ውስጥ ሳሉ የእናታቸውን ቦታ ለእቴጌ እሌኒ ሰጡ፤ እንደ እናትም ወደዷቸው። ዜና መዋዕላቸው የፍቅሩን ምክንያት ሲያስረዳ፥ እቴጌይቱ በሃይማኖት የጸኑ፥ ጸሎትና ቅዱስ ቍርባን የማያስታጕሉ፥ ሕግ ዐዋቂ፥ አነጋገራቸው የተወደደ፥ የንጉሡንም ማዕድ ለማሰናዳት የሠለጠኑ እንደ ነበሩ ይዘረዝራል። ጸሐፊው ማዕድን ከሕግና ከጸሎት ጋር አንድ አድርጎ መቍጠሩን ልብ እንበል። በቤተ መንግሥት ማዕድ ሆድ የሚጠግብበት ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ ማዕርግና ክብር የሚታይበት ነው፤ ይህን በሥርዐት የምታሰናዳ እናት ቂምን ሳይወለድ ታጠፋዋለች።

እቴጌይቱ ለነፍሳቸውም አልሰነፉም። በምሥጢረ ሥላሴና በእመቤታችን ድንግልና ላይ ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሱ ተመዝግቦላቸዋል። በጎጃም ምድር ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በወርቅ ያጌጠ ነበር፤ የመንበሩንም አሠራር እንዲያስተካክል በቤተ መንግሥቱ ይኖር የነበረው ፖርቱጋላዊው ፔሮ ደ ኮቪልያ ተልኮ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለዋወጠ። ዐፄ በእደ ማርያም በ1471 ዓ.ም ዐረፉ፤ ዐፄ እስክንድር በልጅነት ነግሠው በ1486 ዓ.ም ሞቱ፤ ሕፃኑ ዐምደ ጽዮን ጥቂት ወራት ብቻ ተቀመጡ፤ ከዚያም ዐፄ ናዖድ ነገሡ። በ1500 ዓ.ም ዐፄ ልብነ ድንግል ሲነግሡ ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበርና፥ ያረጁት እቴጌ እሌኒ ከንጉሡ እናት ከናዖድ ሞገሳና ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስ ጋር መንግሥቱን ይጠብቁ ጀመር።

ያን ጊዜ የዘይላው ገዥ ማሕፉዝ የዐቢይን ጾም እየጠበቀ፥ ሠራዊቱ በጾም በሚደክምበት ወራት፥ በየዓመቱ አገር ይወርር ነበር። እቴጌይቱ ግን ከማሕፉዝ አልፈው በባሕር በኩል የሚመጣውን ኃይል ተመለከቱ። ኢትዮጵያ መርከብ እንደሌላት ያውቁ ነበርና፥ በ1501 ዓ.ም ገደማ ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጽፈው ማቴዎስ የሚባለውን ነጋዴ ላኩ። እነርሱ በባሕር መርከብ ቢያቀርቡ፥ ኢትዮጵያ በየብስ ሰውና ስንቅ እንደምታቀርብ አስታወቁ። ከደብዳቤውም ጋር ከቅዱስ መስቀሉ ዕንጨት ቍራጭ ሰደዱ፤ በዚህም ስማቸው ከግብራቸው ጋር ተስማማ።

ማቴዎስ በመንገድ ተጠርጥሮ ብዙ መከራ ተቀብሎ በ1506 ዓ.ም ሊዝቦን ደረሰ። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በምጽዋ የወረደው ግን በ1512 ዓ.ም ነው፤ ከንጉሡም ፊት ሳይደርስ በደብረ ቢዘን አካባቢ ዐረፈ። በዚህ መካከል ዐፄ ልብነ ድንግል አድገው፥ በ1509 ዓ.ም ገደማ ማሕፉዝን ድል አድርገው ነበርና፥ የአሮጊቲቱ እናታቸው ሥጋት ያለፈ ነገር መሰላቸው። መልእክተኞቹንም በቀዝቃዛ ልብ ተቀበሏቸው፤ እነርሱም ስድስት ዓመት ቈይተው በ1518 ዓ.ም ተመለሱ።

እቴጌ እሌኒ ይህን ፍጻሜ አላዩም፤ በ1514 ዓ.ም ገደማ ዐርፈው በመርጡለ ማርያም ተቀበሩ። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፥ ሕዝቡ እርሳቸው ሳሉ ሁሉም በሕይወት ተጠብቆ እንደ ነበር፥ እርሳቸው ሲሞቱ ግን ታላቁም ታናሹም አብሮ እንደ ሞተ እየተናገረ አለቀሰ።

የሕዝቡም ልቅሶ እውነት ሆነ። በ1521 ዓ.ም የንጉሡ ሠራዊት በሽምብራ ቍሬ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ የመርጡለ ማርያምም ሀብት ተዘረፈ። ንጉሡ ከተራራ ወደ ተራራ ሲሰደዱ ኖረው በ1533 ዓ.ም በደብረ ዳሞ ዐረፉ። በዚሁ ዓመት ግን ከፖርቱጋል አራት መቶ ያህል ወታደሮች መጡ፤ በ1535 ዓ.ም ዐፄ ገላውዴዎስ ከእነርሱ ጋር ሆነው ድል አደረጉ። በዚያ መንገድ ኋላ የገባው የሃይማኖት ክርክር ሌላ መከራ ማምጣቱን አንዘነጋም፤ ነገር ግን እቴጌይቱ የለመኑት የጦር ርዳታ እንጂ የሃይማኖት ለውጥ አልነበረም። የጠረጉት መንገድ እርሳቸው ካረፉ ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ለልጅ ልጆቻቸው ደረሰላቸው።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ በየቤታችን ዘመን ያስቈጠሩ እናቶች አሉ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲናገሩ የዛሬን ድል አይተን የነገን ሥጋታቸውን አናቃልል። ሲያርፉ ተዝካራቸውን ማውጣት የሚገባ ነው፤ በሕይወት ሳሉ ምክራቸውን መስማት ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።