ከአየር ማዳበሪያ ያወጣው ፍሪትዝ ሀበር

ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ በሮብ ገበያና በአካባቢው ቀበሌዎች የመኸር እርሻ ሲቃረብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ዩሪያ መግባት አለመግባቱ ነው። የመሠረታዊ ማኅበራትና የዩኒየን አንዱ ትልቅ ሥራ ይህንኑ ግብዓት በወቅቱ ለአባላት ማድረስ እንደሆነ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በጆንያው ውስጥ ያለው ነጭ ፍሬ ከምን እንደተገኘና ማን እንደጀመረው ብዙዎቻችን አናውቅም። ስለሆነም በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ታሪኩ ጥጋብም ሞትም ያለበት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ፍሪትዝ ሀበር ዲሴምበር 9 ቀን 1868 በያኔዋ የጀርመን ከተማ ብሬስላው ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ የፖላንድ ናት። እናቱ እርሱን በወለደች በሳምንታት ውስጥ አረፈች። አባቱ የቀለም ነጋዴ ነበር። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ሲሆን ሀበር ግን በ1892 ክርስትና ተነሣ። በ1891 በበርሊን በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ ከ1894 ጀምሮ በካርልስሩሄ ከተማ በማስተማርና በምርምር ሠራ። በ1901 ክላራ ኢመርቫርን አገባ። እርሷም በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትና የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበረች።

ችግሩ ምን ነበር?

በዚያ ዘመን የአውሮፓ መሬት በመታረስ ብዛት ደክሞ ነበር። ማዳበሪያ የሚሆነው ናይትሬት ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቺሊ በረሃ በመርከብ ይመጣ የነበረ ሲሆን ሲያልቅ ረሃብ ይከተላል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሰብል በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በጠንካራ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች አይላቀቁምና ነው። ባቄላና አተር በሥራቸው ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ይህን ቀንበር ይፈታሉ። አርሶ አደራችን ጤፍንና ስንዴን ከጥራጥሬ ጋር የሚያፈራርቀው ለዚህ ነው። ሰው ግን በፋብሪካ በርካሽና በብዛት ሊፈታው አልቻለም ነበር።

ጋዝ በጠጣር ነገር ላይ ሲለጠፍ

እዚህ ላይ ጋዝ ስንል ላምባ ማለታችን ሳይሆን እንደ አየር ያለውን ነገር ነው። ጋዝ ከጠጣር ነገር ጋር ሲገናኝ ከላይ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ አይገባም። ሳይንሱ ይህን አድሶርፕሽን ይለዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር የገጹ ስፋት ነው። ለምሳሌ ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ ከሰል በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ የ5 ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ ሩብ ሄክታር መሬት ሊሸፍን ይችላል።

ሀበርም ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በብረታ ብረት ላይ እንዲያልፉ አደረገ። ናይትሮጅኑ በብረቱ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ቀንበሩ ይላላና ይበጠሳል። በዚያው ገጽ ላይ ከተለጠፈው ሃይድሮጅን ጋር ተገናኝቶም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ተላቆ ሲሄድ ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። እንዲህ ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥነው ብረት ካታሊስት ይባላል። ሀበር አሞኒያውን እያቀዘቀዘ አወጣ፤ የቀረውን ጋዝ ደግሞ መልሶ አዞረው።

ጁላይ 2 ቀን 1909 ከረዳቱ ከሮበርት ለ ሮሲኞል ጋር ይህን ለባስፍ ኩባንያ ሰዎች አሳየ። ካታሊስቱ ኦስሚየም የተባለ ብርቅ ብረት ነበር። የኩባንያው ኬሚስት አልቪን ሚታሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎችን አድርጎ ከተራ ብረት ርካሽ ካታሊስት አገኘ። ካርል ቦሽ ደግሞ ግፊቱን የሚችል መሣሪያ ሠራ። በ1913 በኦፓው ከተማ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አሞኒያ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ዩሪያ ይሆናል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር የወረደ ነው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ ዘዴ በተገኘ ማዳበሪያ እንደሆነ ይገመታል።

በብረቱ ገጽ ላይ የሚሆነውን ግን ሀበር ራሱ አብጠርጥሮ አያውቀውም ነበር። ጋዝ በገጽ ላይ የሚለጠፍበትን ሕግ አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚውር ከ1916 እስከ 1918 አስቀመጠ፤ በ1932ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። የአሞኒያውን ሂደት ደረጃ በደረጃ ያሳየው ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትል ደግሞ በ2007 ተሸለመ።

የመርዝ ጋዝ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሀበር በበርሊን የአንድ ትልቅ የምርምር ተቋም ኃላፊ ነበር። ዕውቀቱንም ለጦሩ አዋለው። አሞኒያው ለፈንጂ መሥሪያ ሆነ። ኤፕሪል 22 ቀን 1915 በቤልጂየም ኢፕር ግንባር በእርሱ መሪነት ከ150 ቶን በላይ የክሎሪን ጋዝ በጠላት ጦር ላይ ተለቀቀ። ከቀናት በኋላ ባለቤቱ ክላራ በእርሱ ሽጉጥ ራሷን አጠፋች። ሥራውን ትቃወም እንደነበር ይነገራል። እርሱ ግን በማግሥቱ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ። በተቋሙ መርዙን የሚያስቀር ጭምብልም ይዘጋጅ ነበር። በጭምብሉ ማጣሪያ ውስጥ መርዙ የሚለጠፍበት ከሰል ነበር። አንዱ ሳይንስ ለገዳዩም ለመከላከያውም ዋለ ማለት ነው።

በዚያው ጦርነት ጀርመን የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝም አወጣች። ይህ መርዝ ወደ እኛም አገር ደርሷል። ሀበር ከሞተ በኋላ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ፣ በኮረምና በአሸንጌ ጭምብልም ጫማም ባልነበረው ወገናችን ላይ አዝንበውታል።

የመጨረሻ ዘመኑ

ሀበር ለአሞኒያ ሥራው የ1918ን የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ብዙዎች ተቃውመዋል። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አይሁድ ሠራተኞቹን እንዲያባርር ታዘዘ። አላደርገውም ብሎ ሥራውን ለቀቀና አገሩን ጥሎ ወጣ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1934 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በልብ ሕመም አረፈ። በተቋሙ የተጀመረ የተባይ ማጥፊያ ምርምር ኋላ ሳይክሎን ቢ የተባለውን መርዝ አስገኘ። ይህም በጠጣር ፍርፋሪ ላይ የተያዘ መርዛማ ጋዝ ነበር። ናዚዎች አይሁድን ፈጁበት፤ ከሟቾቹም የሀበር ዘመዶች ይገኙበታል።

ከዚህ ታሪክ ዕውቀት በያዘው ሰው እጅ ለልማትም ለጥፋትም እንደሚሆን እንማራለን። እኛ ዘንድ የደረሰው የልማቱ ወገን ስለሆነ በአግባቡ ልንጠቀምበት ይገባል። ዩሪያ ከመሬት በላይ ተበትኖ ሲቀር አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። በእርጥብ አፈር ሲሸፈን ግን በሸክላው ቅንጣቶች ገጽ ላይ ይያዛል፤ ሰብሉም ያገኘዋል። ስለሆነም በመስመር በተዘራ ስንዴና በቆሎ ላይ ዩሪያውን አፈር እናልብሰው። ጤፍ ላይም አፈሩ ሲረጥብ እንበትን፤ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ግን ውሃውን ሳናጠነፍፍ አንበትን። በብዙ ድካም ከአየር የወረደውን፣ በብር የገዛነውን መልሰን ለአየር አንስጥ።

መልካም የምሥረታ በዓል!