ፍራንሲስ ጋልተን፦ የጠባይን ውርስ ሊለካ የተነሳው ሰውና ጥሎት ያለፈው ዕዳ

ልጅ ጠባዩን የሚያመጣው ከዘሩ ነው ወይስ ከአስተዳደጉ? ይህን የቆየ ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ቀድመው ከተነሱት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው።

ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1822 በበርሚንግሃም አጠገብ ከሀብታም ቤት ተወለደ። አባቱ የባንክ ባለቤት ነበሩ፤ በእናቱ በኩል ደግሞ የዝነኛው የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ ነው። ገና በሕፃንነቱ ማንበብ በመቻሉ ቤተሰቡ ትልቅ ተስፋ ጣለበት። ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ሲማር ግን ጭንቀት በረታበትና አእምሮው ታወከ፤ የተመኘውን ማዕረግ ሳያገኝ በተራ ዲግሪ ወጣ። በ1844 አባቱ ሲሞቱ ብዙ ሀብት ስለወረሰ ለእንጀራ ብሎ መሥራት አላስፈለገውም። አባይን ተከትሎ እስከ ካርቱም ሄደ፣ ኋላም ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን ዞረ።

በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ የታላላቅ ሰዎችን የዘር ሐረግ ቆጥሮ፣ ችሎታ በደም ይወረሳል አለ። የታላቅ ሰው ልጅ ከዘሩ ሌላ ገንዘብም፣ ትምህርትም፣ የተከፈተ በርም እንደሚወርስ ግን አሳንሶ አየው። እሱ ራሱ በአባቱ ሀብት እየኖረ ነበር።

በ1875 ወደ መንትዮች ዞረ። ለመንትዮችና ለዘመዶቻቸው በደብዳቤ ጥያቄ ላከ። ከልጅነት በጣም የሚመሳሰሉት ኑሮ ቢለያያቸውም እንደተመሳሰሉ ቆዩ፤ የማይመሳሰሉት ደግሞ በአንድ ቤት አድገውም እንደተለያዩ ቀሩ። አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም የያዛቸው መንትዮችን ታሪክም ከአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ጽሑፍ ጠቀሰ። መንትዮችን ማነጻጸር እስከ ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ሆነ። በ1884 ደግሞ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጠባይን የሚገልጹ አንድ ሺህ ያህል ቃላት ቆጠረ።

የዘርን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠና የኖረው ሰው ልጅ አልወለደም። በ1866 ሕመሙ ተመልሶበት ለረጅም ጊዜ አዳክሞት ነበር።

ትልቁ ጥፋቱ ከዚህ በኋላ መጣ። በ1883 ዘርን የማሻሻል ሐሳብ ስም ሰጠው፦ ዩጀኒክስ። ጥሩ ዘር አላቸው የሚባሉት ይብዙ፣ ደካማ የተባሉት ይቀንሱ የሚል ነው። ማን ጥሩ፣ ማን ደካማ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? እሱ በ1911 ሞተ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ናዚዎች በ1933 ሕግ አውጥተው 400 ሺህ ያህል ሰዎችን በግድ አመከኑ፤ ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመም አለባቸው የተባሉ ነበሩ። ከ1939 ጀምሮ ሕሙማንን መግደል ጀመሩ፤ እስከ 1941 ነሐሴ ድረስ ብቻ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች በጋዝ ተገደሉ። ይህን ሥራ የለመዱት ሰዎች ናቸው ኋላ አይሁዶችን ለመፍጀት ወደ ትሬብሊንካና ሶቢቦር የተላኩት።

የዛሬው ጥናት የጋልተንን ግማሽ ተቀብሎ ግማሹን ጥሏል። ቶሎ የመጨነቅ ጠባይ በከፊል በዘር ይመጣል፤ ይህ ጠባይ የበረታበት ሰውም ኋላ በድብርት የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ግን የእብደት ዘር የሚባል አንድ ነገር የለም። ብዙ መቶ ጥቃቅን የዘር ልዩነቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱን ስኪዞፍሬኒያ ሲይዘው፣ ሌላው ግማሽ ያህሉን ጊዜ ወይም ከዚያም በላይ ሳይታመም ይቀራል። የቀረውን ኑሮ፣ ሐዘን፣ ስደት፣ የሰው ፍቅርና ሕክምና ይወስኑታል።

ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሰባት ትውልድ የሚቆጥሩት ዝምድና እንዳይኖር ነው፤ ይህ መልካም ነው። ከዚያ ቤት አንድ ሰው ታሞ ነበር ብሎ ልጅን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰብም ስሙን ፈርቶ ሕመሙን ሲደብቅ የሚጎዳው ታማሚው ነው፤ ቶሎ ወደ ኩፓት ሆሊም ቢወስዱት ይረዳ ነበር። ዘር ዕድልን ያዘነብላል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።