ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ እና የሕፃናት የምግብ እጥረት

ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1893 በጃማይካ ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1923 ተመረቁ። ለሴት ሐኪም ሥራ በቀላሉ በማይገኝበት በዚያ ዘመን ጥቂት ዓመታት ካሳለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በያኔዋ ጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ በጤና አገልግሎት ተመደቡ።

እዚያ አንድ ሕመም ደጋግሞ ገጠማቸው። ጡት የጣሉ ሕፃናት እግራቸውና ፊታቸው ያብጣል፤ ፀጉራቸው ይሳሳል፤ ቆዳቸው ይላላጣል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። እናቶቹ ለሕመሙ በጋ ቋንቋ ክዋሺኮር የሚል ስም ነበራቸው፤ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዝ ሕመም ማለት ነው። እናት ስታረግዝ ሕፃኑ ከጡት ተለይቶ የበቆሎ ገንፎ ብቻ ይሰጠው ነበር። ሐኪሟ ይህን የእናቶች ቃል በቸልታ አላለፉትም፤ የምርምራቸው ቁልፍ የሆነውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ጥናታቸውን ሲያሳትሙ አንዳንድ ባለሙያዎች በሽታው ፔላግራ ነው በማለት ተቃወሟቸው። እርሳቸውም በ1935 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሕመሙን በአገሬው ስም ጠርተው መለሱላቸው።

እነዚህን ሕፃናት በአብዛኛው የሚገድላቸው ረኃቡ ብቻ ሳይሆን ተከትሎ የሚመጣው ኢንፌክሽን ነው። ምግብ ሲጎድል የመከላከያ ሴሎች የሚጎለብቱበት ታይመስ የተባለው ዕጢ ይኮማተራል፤ ቆዳና የአንጀት ሽፋንም ጀርምን የመግታት አቅማቸው ይቀንሳል። ተቅማጥና ኩፍኝ በበኩላቸው የምግብ ፍላጎትን ያጠፋሉ፤ የሰውነት ብግነትም የቀረውን ስንቅ ይበላል። በጣም የተጎዳ ሕፃን ኢንፌክሽን እያለበት ትኩሳት ላያሳይ ይችላል።

ዶክተር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ማላያ ተዛወሩ። በ1939 በሲንጋፖር ባደረጉት ንግግር የታሸገ ጣፋጭ ወተት ለጨቅላዎች መሸጡን በብርቱ አወገዙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ታስረው፣ ራሳቸውም በምግብ እጦት በሚመጣው ቤሪቤሪ ተሠቃዩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ፤ በ1992 በ98 ዓመታቸው አረፉ።

እርሳቸው ያዩት ችግር በጎተራ ሙሉ አገርም ይደርሳል። ዲክሲስን በመሰለ የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ ቢትረፈረፍም፣ የገብስ ገንፎ ብቻውን ከስድስት ወር በላይ ላለ ሕፃን አይበቃም። የዚያው ማሳ ባቄላና አተር ተፈጭቶ ሲቀላቀልበት፣ እንቁላል ወይም ወተት ሲታከልበት፣ ጡት ማጥባቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቀጥል የሕፃኑ አካል የሚከላከልበትን ያገኛል።

የሕፃኑ ሁለቱም እግሮች ካበጡና በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ሲጫኑ ጎድጉደው ከቀሩ፣ ወይም ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወላጆች ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይዘውት ሊሄዱ ይገባል። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ውስብስብ ሕመም የሌለበት ሕፃን ለሕክምና የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ተሰጥቶት በተመላላሽ ይታከማል፤ መብላት ያቃተው ወይም የደከመው ግን ተኝቶ ይታከማል።