ሰር ጆርጅ ሳቬጅ እና ከሰመመን በኋላ የሚናወዝ አእምሮ

አንድ አዛውንት ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ በሰላም ወርደው፣ ቁስላቸው መጠገግ ጀምሮ፣ ምግብም እየቀመሱ ሳለ፣ በሦስተኛው ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነውን ወንድማቸውን ሲጣሩ ቢገኙ፣ ቤተ ዘመድ ነገሩን ለእርጅና፣ ሐኪሙም ለትኩሳት ይሰጠዋል። ሲነጋ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሦስት ወር በኋላ እኚሁ አዛውንት የዕድራቸውን ሒሳብ እንደ ቀድሞው መያዝ ቢሳናቸው፣ ድካሙን ከዚያች ሌሊት ጋር አያይዞ የሚመለከት ሰው ጥቂት ነው። የሰመመን መድኃኒትንና ከዚያ በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ መታወክ አያይዘው በሕክምና መጽሔት ላይ በግልጽ ከጻፉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ሰር ጆርጅ ሄንሪ ሳቬጅ ናቸው። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳቬጅ በ1842 በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር በምትገኘው በብራይተን ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በለንደን ከተማ በጋይስ ሆስፒታል ተከታትለው፣ በ1867 የዶክትርና ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያው ዘመን ኔንትሄድ በተባለች የሰሜን እንግሊዝ ተራራማ መንደር የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪዎች ሐኪም ሆነው ለጥቂት ዓመታት አገልግለዋል። በ1868 ከዚያው አካባቢ ትዳር ቢመሠርቱም ባለቤታቸው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱባቸው። ሁለተኛውን ትዳር የያዙት ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በ1872 ወደ ለንደን ተመልሰው በቤትለም ሆስፒታል በረዳት ሐኪምነት ተቀጠሩ።

ቤትለም ተራ ሆስፒታል አልነበረም። በ1247 ሲመሠረት ስሙን ያገኘው ከይሁዳዋ ቤተ ልሔም ሲሆን፣ ሕዝቡ ስሙን በአፉ እያሳጠረ ቤድላም ሲለው ኖሮ፣ ቃሉ በመጨረሻ የሁካታና የትርምስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ በእንግሊዝኛ ቀረ። ሳቬጅ በገቡበት ዘመን ግን ቤቱ ተለውጦ ነበር። በተለይ የሚቀበለው ሕመማቸው አዲስ የሆነውንና ይድናሉ ተብለው ተስፋ የሚጣልባቸውን ሕሙማን ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልተሻላቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሰናበቱ ነበር። ይህ ደንብ ለኋለኛው ነገር መነሻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በሳቬጅ ፊት በየዕለቱ የሚቀርበው ሰው ባለፈው ወር ጤነኛ የነበረና ዛሬ አእምሮው የታወከ በመሆኑ፣ በመካከሉ ምን እንደ ደረሰበት ቤተሰቡን ለመጠየቅ የተመቸ ነበር። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የተዘጋበትን በሽተኛ የሚጠብቅ ሐኪም እንዲህ ያለ ዕድል አያገኝም።

በ1878 የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ሆኑ። በጋይስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕመምን ያስተምሩ፣ የሙያውንም መጽሔት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁ ነበር። በ1884 ስለ አእምሮ ሕመም ያሳተሙት መጽሐፍ በተማሪዎችና በሐኪሞች ዘንድ በሰፊው ተነቧል። ከሥራ ውጭ ተራራ መውጣትና የጎራዴ ግጥሚያ ይወዱ ነበር።

በ1887 በብሪታንያ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ርእሱም በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሰመመን መድኃኒት መስጠትን ተከትሎ ስለሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነበር። የጽሑፉን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ክርክር ማስታወስ ያስፈልጋል። ኤተር በ1846 በቦስተን፣ ክሎሮፎርም በ1847 በኤዲንብራ ከተሞከሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። በጥር 1848 የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ሐና ግሪነር በክሎሮፎርም ሥር ከሞተች ወዲህ፣ ሐኪሞች የሚከራከሩት መድኃኒቱ የሚገድለው ልብን በማቆም ነው ወይስ ትንፋሽን በመግታት በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። በሽተኛው ነቅቶ ዓይኑን ከገለጠና የልብ ምቱ ደህና ከሆነ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። የነቃው አእምሮ ያው የተኛው አእምሮ መሆን አለመሆኑ የማንም ጥያቄ አልነበረም።

ሳቬጅ ያቀረቡት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሰውን ለማቃዠት የሚችል ማናቸውም ነገር፣ ትኩሳት ባይኖርም እንኳ፣ ሥር ለሰደደ የአእምሮ ሕመም መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የሰመመን መድኃኒትም ከእነዚህ ነገሮች አንዱ ነው። ያዩዋቸውን ሕሙማን መነሻ በማድረግ፣ መታወኩ አብዛኛውን ጊዜ በብርቱ መቃዠትና መወራጨት እንደሚጀምርና እንደሚያልፍ ገለጹ። አንዳንዱ ግን ሳያልፍ ቀርቶ ወደ ዘላቂ የአእምሮ ድካም ይለወጣል። ከዚያም የከፋው እየባሰ ወደሚሄድ ዲሜንሺያ አምርቶ፣ በዚያ ዘመን የአእምሮ ሆስፒታሎችን ሞልቶ ከነበረውና የቂጥኝ መዘዝ መሆኑ ኋላ ከተረጋገጠው የአንጎል ሽባነት ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ እንዳለ ጻፉ።

ለምን አንዱ ይታወካል፣ ሌላው ይተርፋል? ሳቬጅ በሰውየው ዘንድ አስቀድሞ የተዘጋጀ ድካም መኖር አለበት ሲሉ፣ መድኃኒቱ ይህን ድካም የሚገልጥ የመጨረሻ ግፊት ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ይህ ሐሳብ ከነባር የቀዶ ሕክምና ልምድ ጋር ይስማማል። ፈረንሳዊው ቀዳጅ ሐኪም ዱፒትራን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን መቃዠት የገለጹት የሰመመን መድኃኒት ሳይታወቅ በፊት ነው። እሳቸው የሞቱት በ1835 ሲሆን፣ ኤተር ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ መጫን አይቻልም፤ ሕመሙ፣ ድንጋጤው፣ የቁስሉ መመርቀዝ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሳቬጅ የሰመመን መድኃኒትን በጭፍን አልከሰሱም።

ሆኖም ይህ የተዘጋጀ ድካም ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ሳቬጅ የሚያመለክቱት አዘውትረው ወደ ዘር ነው። በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ወይም የነርቭ ድካም መኖሩን መጠየቅ የዘመኑ ሐኪሞች ሁሉ ልማድ ነበር፤ እሳቸውም ከዚህ አልወጡም። እዚህ ላይ አንድ አደጋ ነበር። የታወከው ሰው አያቱ እብድ እንደ ነበሩ ከታወቀ፣ ክሎሮፎርሙን የሰጠውም፣ የቀደደውም፣ ያስተኛውም ነፃ ይወጣሉ። ዘር የጠየቀ ሐኪም የሰውየውን ዕድሜ፣ የደም ማነሱን፣ ማየትና መስማት መቀነሱን፣ ከሕመሙ በፊት ምን ያህል ያስታውስ እንደ ነበር ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል። ሌላም ጉድለት አለ። ወደ ቤትለም የሚመጣው ቤተሰቡን ያስጨነቀው፣ የሚጮኸውና የሚወራጨው ነው። ዝም ብለው የሚደክሙት፣ ስም የሚጠፋባቸውና ገንዘብ መቍጠር የሚሳናቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቤታቸው ጥግ ቀርተዋል። የሳቬጅ ጽሑፍ እነዚህን አልደረሰባቸውም።

በመድኃኒት ረገድ የነበራቸው ጥንቃቄ ግን ዛሬም የሚመሰገን ነው። በ1879 ስለ ክሎራልና ስለ ሃዮሳያሚን ሲጽፉ፣ ጥቅማቸውን ብቻ ሳይሆን አላግባብ መሰጠታቸውንም አንሥተዋል። ሃዮሳያሚን በሀገራችን አስተናግር በተባለው ተክል ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ የተክሉም ስም ግብሩን ይናገራል። ከዚህ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች በአረጋውያን ላይ መቃዠትን ከሚያመጡት ዋናዎቹ መካከል መሆናቸውን የዛሬ ሰመመን ሰጪ ያውቃል። ሳቬጅ በ1888 ከቤትለም ሲለቁ፣ በሆስፒታሉ ሕሙማንን የሚያግድ ልብስና ጓንቲ መጠቀማቸው በአደባባይ ተነቀፈባቸው። በመልሳቸውም አንጎልን ከሚያደነዝዝ መድኃኒት ይልቅ እጅን የሚይዝ ጨርቅ ጉዳቱ ያንሳል ብለው ተሟገቱ። መልሱ ዛሬ የሚያስማማ አይደለም፤ የተነሣበት ስጋት ግን እውነተኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ በለንደን ታዋቂ የግል ሐኪም ሆኑ። ከሚያክሟቸው ቤተሰቦች አንዱ የታዋቂው ጸሐፊና ተራራ ወጪ የሌስሊ ስቲቨን ቤተሰብ ነበር። የስቲቨን ልጅ ቨርጂኒያ፣ ኋላ ቨርጂኒያ ዎልፍ በሚል ስም የታወቀችው ደራሲ፣ አባቷ በ1904 ሲሞቱ በጠና ታመመች። ሳቬጅ ያዘዙላት ዕረፍት፣ ወተትና ከመጻፍም ከማንበብም መታቀብ ነበር። በ1910ም በትዊክንሃም ወዳለ የዕረፍት ቤት ላኳት። ዎልፍ በ1925 ባወጣችው ሚስስ ዳሎዌይ በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ሰር ዊልያም ብራድሾ የሚባል፣ ሕሙማኑን ሳያዳምጥ የሚፈርድ ሐኪም አለ። ብዙ አንባቢዎች በከፊል ሳቬጅን ያዩበታል። የዘር ጥያቄ በሳቬጅ እጅ ምን ያህል ከባድ መሣሪያ እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ቤተሰብን መጠየቅ ያውቁ ነበር፤ በሽተኛዋን መጠየቅ ላይ ግን ደከሙ።

በ1912 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በሐምሌ 1921 በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ዋና ሐኪም ሆነው ያገለገሉበት የቤትለም ሕንፃ፣ ሆስፒታሉ በ1930 ወደ ሌላ ስፍራ ከተዛወረ በኋላ፣ ከ1936 ጀምሮ የጦርነት ሙዚየም ነው።

ጥያቄያቸው ወደ አረጋውያን የደረሰው በ1955 ነው። ቤድፎርድ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነና ሙሉ ሰመመን የተሰጣቸው 1,193 ሰዎችን ታሪክ መርምሮ ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጣ። መነሻው የቤተሰብ ቃል ነበር፤ ልጆችና የትዳር ጓደኞች አባታቸው ወይም ባላቸው ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የቀድሞው ሰው እንዳልሆነ ይናገሩ ነበር። ከዐሥሩ በአንዱ ገደማ ላይ የአእምሮ ድካም ማየቱንም ገለጸ። ለአረጋውያን ቀዶ ሕክምና የሚደረገው በእርግጥ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይሁን ሲልም መከረ። ምክሩ ጥብቅ ነው፤ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ ካልተቀደደ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሁሉ በቀላሉ አይቀበለውም።

በ1998 በወጣ ጥናት በተለያዩ አገሮች ባሉ 13 ሆስፒታሎች ውስጥ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 1,218 ሰዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በፈተና ተለኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመቶ 25.8፣ በሦስት ወር 9.9 የሚሆኑት ደክመው ተገኙ፤ ካልተቀደዱ እኩዮቻቸው ግን በሦስት ወር የደከሙት ከመቶ 2.8 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የደም ግፊት መውረድና የኦክስጅን ማነስ ዋና ተጠያቂ ሆነው ይገኛሉ ብለው ጠብቀው ነበር። ሁለቱም አልተገኙም። በሦስት ወር ጸንቶ የቀረው ምክንያት ዕድሜ ነበር። በ2003 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሙሉ ሰመመን የተሰጣቸውን ከወገብ በታች ወይም በከፊል ከደነዘዙት ጋር አነጻጽሮ፣ በሦስት ወር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

ሳቬጅ አስቀድሞ የተዘጋጀ ድካም ያሉት ነገር እንግዲህ በአብዛኛው ዕድሜና ከሕመሙ በፊት የነበረ የማስታወስ ጉድለት ሆኖ ተገኘ፤ ግፊቱም ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ቀዶ ሕክምናው በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው የመቆጣት ሁኔታ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የእንቅልፍ ማጣትና ብርቱ ሕመም ነው። በ2018 የሙያው ሊቃውንት ለእነዚህ መታወኮች የጋራ ስያሜ ሰጥተው፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚታየውን መቃዠት፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሚታየውን ድካምና ከዚያ አልፎ የሚቆየውን ለያዩ። በቅርብ ዓመታት የወጡ መመሪያዎችም አረጋዊው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት የማስታወስ ችሎታው እንዲመዘንና ውጤቱ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ያዝዛሉ፤ መነጽሩና የመስሚያ መሣሪያው ከእንቅልፉ ሲነቃ ወዲያው እንዲሰጠው፣ ዘመድም በአልጋው አጠገብ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ።